ዳጣ ያለው የጠዋት ዳቦ፣ ሐዋሳ ላይ እየሠራሁ የምጽፈው

ቅዳሜ ጠዋት

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ዶናት ቤቶች አንዱ ሰሞኑን ከቦምቦሊኖው ጎን አዲስ ነገር መደርደር ጀምሯል። ሞላላ ዳቦ ነች፣ መዳፍ ላይ ልክ የምትቀመጥ፣ ላይዋ እንቁላል ተቀብቶ ጠየም ያለ፣ በሁለቱም ጫፍ ቋሊማ ብቅ ያለባት። "ይሄ ምንድነው ወንድሜ?" ስለው "ስፓይሲ ነው፣ ውስጡ ቃሪያ አለው፣ በትኩሱ ቅመሰው" አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ እነዚህ ልጆች መሸጥ ያውቁበታል።

ቁጭ ብዬ ከማኪያቶ ጋር በላሁት። መጀመሪያ የሚመጣው የሊጡ ጣፋጭነት ነው፣ ብዙ አይደለም፣ ከቦምቦሊኖ ያነሰ ከተራ ዳቦ የበለጠ። ከዛ የቋሊማው ጨው ይመጣል፣ ከዛ የቀለጠው ቺዝ። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ፈልጌ ነው ያገኘሁት፣ ፍሬው ወጥቶ በስሱ ተከትፎ ጭራሽ ታጥቦ ሁሉ ይመስለኛል። ሊጡ ግን አንደኛ ነው። ሲቀደድ ክር ክር ይላል፣ ታቹ ላይ ደግሞ የቋሊማው ስብ ወርዶ ትንሽ ጠብሶታል፣ እዛ ጋ ያለችው ጉርሻ ብቻዋን ትሸጥ ቢባል እገዛለሁ።

ሐሳቡ ልክ ነው፣ የጎደለው ድፍረት ነው። እኛ ጋ ጣፋጩ ነገር ቦምቦሊኖ ውስጥ ነው፣ የሚያቃጥለው ሳምቡሳ ውስጥ ነው፣ ሁለቱ አንድ መስታወት ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው ይውላሉ እንጂ አይገናኙም። ትንሽ ስኳር ያለው ሊጥ ከሚያቃጥል ነገር ጋር ሲገናኝ ግን አፍ ውስጥ አንዱ ሌላውን ያነሳዋል፣ ደግሞ ወተትና ቅቤ ስላለበት ቃጠሎው ቶሎ ይበርዳል፣ በረደ ስትል ሌላ ጉርሻ ያምርሃል። ይሄን ሁሉ ካገኙት በኋላ የታጠበ ቃሪያ! ሐዋሳ ተቀምጠን፣ ዳጣ፣ ያ በቅመም የሚፈጨው ቃሪያ፣ በየቤቱ ባለበት አገር!

ስለዚ ቤት እሞክረዋለሁ። ቃሪያው ይውጣ፣ ዳጣ ይግባ። ያየሁትን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት

ፎቶውን ዳላስ ላለችው የአክስቴ ልጅ ላክሁላት፣ ገና ከእንቅልፏ እየተነሳች ነበር፣ ቮይስ መለሰችልኝ፣ ግማሹ ሳቅ ነው። "አንተ፣ ይሄ እኮ ወደ ሥራ ስሄድ የምገዛው ነው፣ እዚህ ዶናት ቤት ሁሉ አለ፣ ኮላቺ ይሉታል፣ እኔ ጃላፔኖ፣ ያ የሜክሲኮ ቃሪያ፣ ያለውን ነው የምወደው። ሐዋሳ ደረሰ በለኛ!"

ከዛ ቁጭ ብዬ ስለነገሩ ሳነብ ዋልኩ። ቼኮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቴክሳስ ሲሰደዱ መሃሉ ላይ ፕሪም፣ አፕሪኮት፣ የፖፒ ፍሬ ወይ ለስላሳ አይብ የሚደረግበት ጣፋጭ ዳቦ ይዘው ገቡ፣ ኮላች ማለት እሱ ነው። ቋሊማ የሚጠቀለልበት ግን እዛው ቴክሳስ የተወለደ ነው፣ ክሎባስኒክ ይባላል፣ ከዳላስ ወደ ዌኮ ስትወርድ መንገድ ላይ ዌስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እዛ ያለ ቪሌጅ ቤከሪ የሚባል ዳቦ ቤት በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እኛ ነን የጀመርነው ይላል። ከዛ ዶናት ቤቶቹ ወሰዱት። ቴክሳስ ውስጥ ካሉት ዶናት ቤቶች ብዙዎቹ የካምቦዲያ ቤተሰቦች ናቸው፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካምቦዲያን ይገዛ ከነበረው ከክመር ሩዥ ሸሽተው አሜሪካ የገቡ ሰዎችና ልጆቻቸው፣ ለዶናት ብለው ሌሊት ስለሚነሱ ኦቭኑም ሊጡም ስላለ ለቁርስ የሚሆን ጨዋማ ነገር ጨመሩበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉት ደግሞ ያንኑ ሐሳብ በክሯሳ ነው የሚሠሩት፣ ሃም፣ ቺዝና ጃላፔኖ።

እንግዲህ የቼክ ሊጥ፣ የሜክሲኮ ቃሪያ፣ የካምቦዲያ እጅ። የሲዳማና የወላይታ ዳጣ ቢጨመርበት ማን ይቆጣል?

ስለ ጃላፔኖው ሳነብ ያገኘሁት፣ በ1912 (እ.ኤ.አ.) ዊልበር ስኮቪል የሚባል አሜሪካዊ ፋርማሲስት ያወጣው የማቃጠል መለኪያ አለ፣ በሱ መለኪያ ጃላፔኖ ከ2,500 እስከ 8,000 ነው። ትንንሾቹ የወፍ ዓይን የሚባሉት ቃሪያዎች 50,000 ያልፋሉ፣ ሚጥሚጣም ከዚሁ ዓይነት ነው። ሚጥሚጣ በየቀኑ የሚበላ ሰው ፊት ጃላፔኖ ምኑም አይደለም። የአክስቴን ልጅ እንዲህ ስላት "እሱማ እኔም እዚህ ሚጥሚጣ በቦርሳዬ ይዤ ነው የምዞረው" አለችኝ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሊጡ

መጠኑ ይሄ ነው፦ ፉርኖ ዱቄት 500 ግራም፣ ወተት 260 ሚሊ፣ ስኳር 60 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 80 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ ጨው 8 ግራም፣ ደረቅ እርሾ 4 ግራም። ከዚህ 60 ግራም 60 ግራም ሲቆረጥ ወደ 16 ይወጣል።

እርሾው ላይ ትንሽ ላውራ። የፈረንጆቹ አሠራር ለዚህ ዱቄት 7 ግራም ነው የሚለው፣ አንድ ፓኬት ማለት ነው። እነሱ ግን ባሕር ጠለል አካባቢ ሆነው ነው የሚያቦኩት፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል፣ በዛ ላይ የኛ ሙቀት አለ፣ ስለዚ ሊጡ ጣዕም ሳይዝ ኩፍ ብሎ ያልቃል። ቶሎ ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ ኦቭን ውስጥ ሲገባ ይዘቅጣል፣ በተለይ ውስጡ የሚከብድ ነገር ካለ። ስለዚ እርሾ ቀንሶ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ማሳደር። ፍሪጅ ያደረ ሊጥ ሌላም ጥቅም አለው፣ ቅቤው ስለሚጠነክር ስትጠቀልለው እጅህ ላይ አይጣበቅም። ደግሞ የቁርስ ነገር ነው፣ ማን ነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ የሚያቦካው፣ እኔ አይደለሁም።

ወተቱን አፍልቼ አቀዘቀዝኩት፣ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርገው ሞቅ ያለ ግን የማያቃጥል ሲሆን እርሾውን ከትንሽ ስኳር ጋር በተንኩበት። አረፋ አወጣ፣ እርሾው ሕይወት አለው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፣ እንቁላል፣ ወተቱ፣ እና ማሸት። ቅቤውን መጀመሪያ አልጨመርኩም፣ ቅቤ ቀድሞ ከገባ ዱቄቱን ሸፍኖ ሊጡ ጅማት እንዳያወጣ ያደርገዋል። ሊጡ አንድ ከሆነ በኋላ ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ አሸሁት። እዚህ ጋ አስቀያሚ ሰዓት አለ፣ ሊጡ ይበታተናል፣ ይንሸራተታል፣ እጅ ላይ ይለጠፋል፣ ዱቄት ጨምር ጨምር ይልሃል፣ እንዳትጨምር! ዝም ብለህ ስታሸው ቅቤውን ጠጥቶ ይመለሳል። ቁራሽ ይዘህ በሁለት እጅ ስትዘረጋው ሳይቀደድ ብርሃን ሲያሳልፍ ደርሷል ማለት ነው። እጄ ዝሏል። ጂም የሚከፍሉ ሰዎች ሊጥ ያቡኩ።

እሁድ ጠዋት፣ ዳጣው

ዳጣ ከሱቅ አልገዛሁም፣ ጎረቤቴ እትዬ የተወለዱትም ያደጉትም ወላይታ ነው፣ የሳቸው እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ ነውር ነው። ስገባ እየፈጩ ነበር። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ የድምብላል ቅጠል፣ ጤና አዳም ትንሽ፣ ጨው። ድንጋዩ ላይ ጨውንና ነጭ ሽንኩርቱን ቀድመው ነው የሚያደቁት፣ ጨው ስለሚፈጭላቸው፣ ከዛ ዝንጅብሉን፣ ቃሪያውን መጨረሻ። ለምን መጨረሻ ስላቸው "ቀድሞ ከገባ ውሃው ይወጣና እየፈሰሰ አያስፈጭም" አሉኝ። የመፍጫውን ልጅ ድንጋይ በገፉ ቁጥር አረንጓዴ ውሃ ከዳር ዳር እየወረደ ነበር፣ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ይመልሱታል፣ አንድም ጠብታ አይባክንም። ዓይኔ በር ላይ ሆኜም እንባ አቀረረ፣ እሳቸው ምንም።

"እትዬ፣ ትንሽ ይስጡኝ፣ ዳቦ ውስጥ ልከተው ነው።"

"ምን ውስጥ?"

"ዳቦ ውስጥ፣ ከሥጋ ጋር አድርጌ ልጋግረው ነው።"

ድንጋዩን አቁመው አዩኝ። "ዳጣ በዳር ነው የሚቀርበው ልጄ። የቻለ አጥቅሶ ይበላል፣ ያልቻለ ይተወዋል። አንተ ውስጥ ከደበቅከው ያልቻለው ሰው ምን ይሁን?"

መልስ አልነበረኝም። በትንሽ ስኒ ሞልተው ሰጡኝ ግን። ጥያቄያቸው ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፣ ልክ ናቸው እኮ፣ ቁርጥ ስትበላ ዳጣውን የምትመጥነው አንተ ነህ፣ ተሞልቶ የመጣ ዳቦ ውስጥ ግን የመጠነልህ ጋጋሪው ነው። የዶናት ቤቱ ልጅ ቃሪያውን ያጠበው ለዚህ ይሆናል፣ ሁሉንም ሰው ላለማስቀየም። ሁሉንም ሰው ላለማስቀየም ብሎ ደግሞ ማንንም አላስደሰተም።

እሁድ ረፋድ፣ ኦቭን

ቋሊማ አልተጠቀምኩም። እዚህ የምናገኘው ቋሊማ ዋጋው ሌላ ነው፣ ጣዕሙም ብዙ አያስደስተኝም። የተፈጨ የበሬ ሥጋ በሽንኩርት ጠብሼ አቀዘቀዝኩ። ሙሌቱ መቀዝቀዙ ግዴታ ነው፣ ትኩስ ከሆነ የሊጡን ቅቤ ያቀልጠዋል፣ የተዘጋው አፍም ይከፈታል።

ዳጣውን ግማሹ ላይ ጥሬውን ቀባሁ፣ ሥጋው ከላይ። ግማሹ ላይ ከሥጋው ጋር ቀላቀልኩት። ጠቅልዬ፣ የተዘጋውን ጎን ወደ ታች አድርጌ፣ ኩፍ ካለ በኋላ በ190 ዲግሪ 17 ደቂቃ።

ጥሬው የተቀባበት ፈነዳ። ሁሉም ማለት ይቻላል፣ በጎን በኩል ተቀደው አረንጓዴ ውሃ ትሪው ላይ ፈሶ ተቃጠለ፣ ቤቱ በሙሉ አስነጠሰው። ያልፈነዱትን ስቆርጣቸው ከዳጣው በታች ያለው ሊጥ ሳይበስል እርጥብ ሆኖ ቀርቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ እትዬ በጣታቸው እየጠረጉ የመለሱት ያ ውሃ ነው። ሐዋሳ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ እዛ ውስጥ ተዘግቶ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት መውጫ ይፈልጋል፣ ካላገኘ ሊጡን ይቀድደዋል። ከሥጋው ጋር የተቀላቀለው ይሻላል፣ ሥጋው ትንሽ ጠጥቶታል፣ ግን እሱም ታቹ ለሽ ያለ ነው።

ጣዕሙ? ፈንድቶም ቢሆን ከዶናት ቤቱ ይበልጣል፣ ይሄን ያለ አድልዎ ነው የምለው። በሶብላውና ዝንጅብሉ ከጣፋጭ ሊጥ ጋር ሲገናኙ የሆነ ነገር አለ፣ ቃሪያ ብቻውን የማያመጣው ሽታ። ታናሽ እህቴ የተቀደዱትን ለቅማ ጨረሰቻቸው፣ ዓይኗ እየፈሰሰ "ውሃ አምጣልኝ" ትላለች። ውሃ ምን ያረጋል፣ የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን የሚባለው ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ስብ ውስጥ ነው የሚሟሟው። ወተት ሰጠኋት።

እና እሱን ስነግራት ነው መፍትሔው የመጣልኝ። ስብ ውስጥ የሚሟሟ ከሆነ ለምን ዳጣውን ስብ ውስጥ አልከተውም?

ሰኞ ማታ

ንጥር ቅቤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በትንሽ እሳት፣ ዳጣው ገባ። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ያ ውሃው ነው። ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ዝም ሲል ውሃው አልቋል ማለት ነው፣ ቅቤው ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። ከዛ በላይ ማቆየት አያስፈልግም፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይመርራል። በሶብላው በእሳቱ ሽታው ትንሽ ይቀንሳል፣ ስለዚ ከወጣ በኋላ ጥሬ በሶብላ ቆንጥሬ ጨመርኩበት።

ሲቀዘቅዝ ቅቤው ረጋ፣ ዳጣው እንደ ማርማላታ ዳቦ ላይ የሚቀባ ሆነ። አይፈስም፣ አይሮጥም። ኦቭን ውስጥ ሲገባ ቀልጦ ሥጋውን ይገባዋል፣ ትንሽም ወደ ሊጡ ይሰርጋል፣ ውሃ ስለሌለው ግን እንፋሎት አይፈጥርም።

ቺዙስ? ቢጫ ቺዝ ሞክሬ ነበር፣ ጥሩ ይቀልጣል፣ ግን ዳጣ ፊት ጣዕም የለውም፣ ዝም ብሎ ያጣብቃል። አይብ ይበልጣል። ዳጣና አይብ ከድሮም የሚተዋወቁ ናቸው፣ ቆጮ ላይ። ችግሩ አይብ ውሃ አለው። ንጹሕ ነጠላ ላይ አድርጌ ጠምዝዤ ጨመቅኩት፣ እስኪፈረፈር ድረስ። አይብ አይቀልጥም፣ በኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ ስለሆነ እሳት ሲያገኘው ይጠብቃል እንጂ አይፈስም፣ ለኔ ይሄ ጥቅም ነው፣ የከተትክበት ቦታ ይቀመጣል። ሥጋ 20 ግራም፣ አይብ 10 ግራም፣ የተጠበሰ ዳጣ አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ዳቦ።

ሊጡ ፍሪጅ ገብቷል። ነገ ጠዋት።

ማክሰኞ ጠዋት

መብራት ሄደ። ሊጡ ተጠቅልሎ፣ ኩፍ ብሎ፣ እንቁላል ተቀብቶ፣ ኦቭኑን ላሞቅ ስል። ሊጥ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፣ በዚህ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ ዘቅጦ ያልቃል።

እማዬ ወጥታ አየችና "ድፎ እንዴት ነው የሚጋገረው?" ብቻ ብላኝ ገባች። እውነቷን ነው። ድፎ ዳቦ ከኦቭን በፊት የነበረ ነው፣ እሳት ከታች እሳት ከላይ። ከሰል አቀጣጠልኩ፣ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆረጥኩ፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ አለሳለስኩት ያለዛ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሰፊ ድስት ታቹን በቅጠሉ አለበስኩና ዳቦዎቹን በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት እየተውኩ ደረደርኩ። ከላይም ቅጠል፣ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ፍም። ከታች ያለው ፍም ትንሽ ይሁን፣ ከላይ ያለው ይብዛ፣ ታቹ ቶሎ ነው የሚያርረው። ክዳኑ ላይ ያለው ፍም አመድ ሲለብስ እፍ እያልኩ አራገፍኩ።

ሲከፈት የወጣው ሽታ ሌላ ነው። የቅጠሉ ጢስ፣ ቅቤው፣ ዳጣው። ታቹ ለስላሳ ሆኖ የቅጠሉ መስመር ታትሞበታል፣ ላዩ ግን እንደ ኦቭኑ አልጠየመም፣ የተዘጋ ድስት ውስጥ እንፋሎት ስለሚታፈን ላዩ ይነጣል። መጨረሻ ላይ የላይኛውን ቅጠል አንስቼ ፍም ጨምሬ ትንሽ ባቆየው ኖሮ ይጠይማል ብዬ አስባለሁ። አንድም አልፈነዳም። አንድም! ስቆርጠው ሥጋው ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት፣ አይቡ መሃል ላይ ነጭ ሆኖ እንደተቀመጠ፣ ሊጡ እስከ ታች ብስል።

መብራቱ የመጣው በልተን ስንጨርስ ነው። እኔ ግን ከኦቭኑ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ቢያንስ ለቤት። ለብዛት አይሆንም፣ አንድ ድስት ሰባት ስምንት ነው የሚይዘው።

ረቡዕ

ዛሬ እትዬ ይጾማሉ፣ እሳቸውም "የኔስ?" ብለዋል። ወተቱ በውሃ፣ ቅቤው በ60 ግራም ዘይት፣ እንቁላል የለም ስለዚ ውሃውን ትንሽ ከፍ አደረግኩ፣ 280 ሚሊ። ሙሌቱ ድፍን ምስር፣ ለሳምቡሳ እንደሚደረገው ተቀቅሎ ውሃው ጥንፍፍ ብሎ፣ ዳጣውም በዘይት ተጠብሶ። ላዩን በስኳር ውሃ ቀባሁት፣ ይጠይማል ግን አያብረቀርቅም። ሊጡ የጾም መሆኑ ያስታውቃል፣ ክር ክር አይልም፣ በማግስቱ ይደርቃል፣ ዘይት ቅቤን አይተካም ምን ይደረግ። በትኩሱ ግን ጥሩ ነው። ምስሩ ዳጣውን ከሥጋ በላይ ይሸከመዋል፣ ይሄን አልጠበቅኩም ነበር።

ሐሙስ፣ ዓሣ

ሐዋሳ ተቀምጦ ዓሣ አለመሞከር ደግሞ አይሆንም። በጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድኩ፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ወትሮው ከሰው ጋር እየተጋፉ፣ ትኩስ ቲላፒያ አስፈልጬ በባጃጅ ተመለስኩ። በዱለት አሠራር ነው የሠራሁት፣ በጣም ደቅቆ ተከትፎ፣ በሽንኩርትና በተጠበሰ ዳጣ መጥበሻ ላይ ዞር ዞር፣ ሎሚ መጨረሻ ላይ።

ከኦቭን ሲወጣ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ቀዝቅዞ ስበላው ተውኩት። ዓሣው ይደርቃል፣ ሽታው ሊጡ ውስጥ ይቀራል፣ ለቢሮ ቦርሳ የሚያዝ ነገር አይደለም። እዛው ሐይቁ ዳር ጋግሮ በትኩሱ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ግን ወረፋ እይዛለሁ።

አርብ ማታ፣ የእትዬ ጥያቄ

ከእሁድ ጀምሮ ያልተመለሰ ነገር አለ፣ ያልቻለው ሰው ምን ይሁን። ዳጣውን መቀነስ መልስ አይደለም፣ ስትቀንሰው የታጠበው ቃሪያ ጋ ነው የምትመለሰው። የአክስቴን ልጅ እነዚያ ዶናት ቤቶች እንዴት ነው የሚለዩት ብዬ ጠየቅኳት፣ "ጃላፔኖ ያለው ላይ አንድ ቁራጭ ከላይ ይለጥፉበታል፣ አይተህ ነው የምትገዛው" አለችኝ። ቀላል ነገር።

እኔ በጥቁር አዝሙድ ምልክት አደረግኩ። እንቁላሉ ከተቀባ በኋላ መሃሉ ላይ ቆንጠር የተደረገበት ሙሉ የሻይ ማንኪያ ዳጣ አለው። ምንም የሌለበት ሥጋና አይብ ብቻ ነው፣ ዳጣው በዳር በትንሽ ስኒ ይቀርባል፣ እየቀደድክ ታጠቅሳለህ። ይሄኛውን ለእትዬ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ግን ስሞክረው ሌላ ጣዕም ነው፣ ጥሬው ዳጣ በሶብላው ሙሉ ሽታውን እንደያዘ፣ ቀዝቃዛ፣ ዳቦው ትኩስ። የተሞላው ደግሞ ቃጠሎው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ቅቤው ስላቀፈው፣ ግን ይቆያል። የትኛው ይበልጣል ብትለኝ ከማኪያቶ ጋር የተሞላውን፣ ከሻይ ጋር በዳር የሚጠቀሰውን።

ቅዳሜ

ለሰው አቀረብኩ። እህቴ ሁለት ጓደኞቿን ጠራች፣ ግቢ በር ላይ የሚቆመው ባለባጃጅም ገባ፣ እትዬም መጡ። ባለባጃጁ አዝሙድ ያለበትን አንስቶ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ዝም አለ፣ እኛ ሁላችንም እያየነው፣ ከዛ "ይሄን ጠዋት ጠዋት ብትሸጥልኝ ከፓስቲ እገላገላለሁ" አለ። ከእህቴ ጓደኞች አንዷ ስኳሩ በዛብኝ አለች፣ ሌላዋ ጭራሽ አልታወቀኝም አለች። ስኳሩን ወደ 50 ግራም እቀንሳለሁ፣ ከዛ በታች ግን አልወርድም፣ ስኳሩ ከወጣ ተራ ሥጋ ዳቦ ነው የሚሆነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ይሠራዋል።

እትዬ ምልክት የሌለበትን አንስተው ከስኒው አጥቅሰው በሉ። ከዛ አዝሙድ ያለበትንም አንስተው ገምሰው ውስጡን አዩት፣ አሸተቱት፣ "ዳጣዬን ጠበስከው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ኮረሪማ አነሰው" አሉ፣ በሉት ግን፣ እስከ መጨረሻው።

ኮረሪማው የሚቀጥለው ነው እንግዲህ፣ ቅቤው ውስጥ ከዳጣው በፊት ይግባ ወይስ በኋላ የሚለውን አያለሁ። ሌላው የቀረኝ የፍሪዘር ነገር ነው፣ ጠቅልዬ ኩፍ ከማለቱ በፊት አራት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሐሳቡ ማታ አውጥቶ ፍሪጅ ማሳደር፣ ጠዋት እስኪነፋ ጠብቆ መጋገር ነው፣ እርሾው በብርድ ስለሚዳከም 5 ግራም አድርጌዋለሁ። ሰኞ ይወጣሉ። ባለባጃጁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ እቆማለሁ ብሏል።